ፎቶውን አይተሽ ለጠየቅሽኝ

ሮተርዳም፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

እህት ዓለም፣

ሰላምሽ ይብዛ። እንደምን ከረምሽ? እናትሽ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸው ቅዳሴ ያስቆማቸዋል ወይስ አሁንም ደጀ ሰላሙ ላይ ተቀምጠው ነው የሚያስቀድሱት? ልጆችሽስ? እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን። ባለቤቴ ወደቡ ላይ ይሠራል፤ እኔም አረጋውያንን ቤታቸው እየሄድኩ መንከባከቡን ይዣለሁ። ዝናቡ ግን አይጣል ነው። የእናንተው ቢያንስ መስከረም ሲጠባ ያበቃል።

ለምን ዝም እንደተባባልን መተሳሰብ አልፈልግም። በ2014 ጥቅምት ደሴ በጦርነቱ የተያዘች ጊዜ ስልክሽ ጠፋ። መስመሩ ሲመለስ «ተርፈናል» የምትል አንዲት ቃል ላክሽልኝ፤ እኔም ከዚያ ቀጥሎ ምን እንደሚባል አጣሁ። ከዚያ ወዲህ በእናንተ በኩል ኢንተርኔቱ ይሄዳል ይመጣል፣ በእኔ በኩል ፈረቃው ፋታ አይሰጥም፤ እንዲሁ ዓመት ዓመትን እየወለደ ሄደ።

ይቺን ደብዳቤ ያስጻፈችኝ ያቺ የድምፅ መልእክትሽ ናት። ልጄ ነጭ ሂጃቧን አድርጋ፣ ቦርሳዋን አዝላ የተነሣችውን ፎቶ አይተሽ ሳቅሽና «የእስላም ትምህርት ቤት ነው እንዴ ያስገባሻት? አንቺ? እኔና አንቺ አንድ ዴስክ ላይ አይደል እንዴ የተማርነው?» አልሽኝ። ስትስቂ ነው ያልሽው፤ ግን ከሳቁ ሥር ቅሬታ ነበረበት፣ አትካጂኝ። በድምፅ ልመልስልሽ ብዬ ነበር። ነገሩ ረጅም ነው፤ አንቺም መምህር ስለሆንሽ በወጉ ሊነገርሽ ይገባል።

መጀመሪያ ነገር፣ ይህ ትምህርት ቤት እኔ ሸዋ በር መስጊድ አጠገብ ሸሁ ዘንድ ስቀራ አንቺ ደብተርሽን ይዘሽ ደጃፍ ላይ ትጠብቂኝ የነበረበት ዓይነት ቁርዓን ቤት አይደለም። መደበኛ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ሒሳቡ፣ ደችኛው፣ ጂኦግራፊው ጎረቤት ካለው የካቶሊክ ትምህርት ቤት ጋር አንድ ነው። የመንግሥት ኢንስፔክተር እየመጣ ይፈትሸዋል። ልጆቹ 12 ዓመት ሲሞላቸው ማን ወደ ሙያ፣ ማን ወደ ዩኒቨርሲቲ በሚያደርሰው መስመር እንደሚሄድ የሚለየው ፈተናና የመምህሩ ምክር እዚህም እዚያም ያው ነው። ልዩነቱ በሳምንት ጥቂት ክፍለ ጊዜ ሃይማኖት መኖሩ፣ ትልልቆቹ ዙህርን፣ የቀትሩን ሶላት፣ በጀመዓ አብረው መስገዳቸው፣ ዒድ ሲሆን መዘጋቱ ነው። የክፍሏ አስተማሪ ሆላንዳዊት ናት፣ ፕሮቴስታንት። እንዲህ ዓይነት ትምህርት ቤቶች ውስጥ ሙስሊም ያልሆኑ መምህራን ብዙ ናቸው። እና አሁን ተቀመጪ፦ ደመወዙን፣ ሕንፃውን፣ መጽሐፉን የሚከፍለው መንግሥት ነው። ወላጅ በፈቃዱ ከሚያዋጣት ትንሽ ገንዘብ በቀር ምንም አንከፍልም። ሞሮኳዊቷ ጎረቤቴ መጀመሪያ ስትነግረኝ የምትቀልድ መስሎኝ ነበር።

ይህን መብት ያመጡት ሙስሊሞች አይደሉም። የክርስቲያኖች ጠብ ያመጣው ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እዚህ ሀገር ካቶሊኮቹም አጥባቂዎቹ ፕሮቴስታንቶችም ልጆቻችንን በእምነታችን እናስተምር፣ መንግሥትም ለራሱ ትምህርት ቤት የሚሰጠውን ያህል ይስጠን ብለው ለአሥርት ዓመታት ተሟገቱ። በ1917፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ታረቁ። ሃይማኖተኞቹ ፓርቲዎች እኩል ገንዘብ አገኙ፤ ግራ ዘመሞቹና ሊበራሎቹ ደግሞ ወንድ ሁሉ የሚመርጥበትን ሕግ አገኙ። አንዱ ለሌላው ሰጥቶ ነው የተስማሙት። የሕገ መንግሥታቸው አንቀጽ 23 የዚያ እርቅ ፍሬ ነው፤ ዛሬም ከሦስት የሆላንድ ተማሪዎች ሁለቱ ያህል የሚማሩት በእምነት ወይም በሌላ አመለካከት በተቋቋሙና መንግሥት በሚደጉማቸው ትምህርት ቤቶች ነው። ሆላንድ በ1964 ከቱርክ፣ በ1969 ከሞሮኮ ጋር ተዋውላ ሠራተኛ አስመጣች፤ ሰዎቹም ውለው አድረው ሚስትና ልጆቻቸውን አመጡ። በ1988 ሮተርዳምና አይንድሆቨን ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ኢስላማዊ ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ አዲስ ሕግ አላስፈለገም። ተማሪው ከሞላ፣ ደረጃው ከተሟላ ይከፈታል። አሁን ከሃምሳ በላይ ሆነዋል።

የኛው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ነፃ ሆኖ ይሰጣል ይላል፤ አንቺ ከኔ በተሻለ ታውቂዋለሽ። እኔና አንቺ ወይዘሮ ስህን ትምህርት ቤት አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጥነው መንግሥት ሃይማኖትን ከክፍል ስላስወጣ ነው። እነዚህ ደግሞ ሁሉንም አስገብተው ለየብቻው ክፍል ሰጡት። የትኛው ይሻላል ብለሽ ብትጠይቂኝ፣ ለደሴ የኛው። እዚህ ግን የጋራ ያልሽው ዴስክ የለም፤ ልነግርሽ የፈለግሁትም እሱን ነው።

ትልቁን ልጄን ያስተማርኩት ሃይማኖት በሌለው በማዘጋጃ ቤቱ ትምህርት ቤት ነው። ያኔ እኔም እንዳንቺ ነበር ያሰብኩት፤ ከሀገሬው ልጅ ጋር አብሮ ይደግ አልኩ። የምንኖረው ከወንዙ በስተ ደቡብ ነው፣ የስደተኛ ሰፈር በሚባለው። ክፍሉ ስገባ ቱርክ፣ ሞሮኮ፣ ሱሪናም፣ ኬፕ ቨርዴ፣ ፖላንድ። የሆላንዳዊ ልጅ በጣት የሚቆጠር። የት ሄዱ ብዬ ስጠይቅ፣ ጠዋት ጠዋት እናትና አባቶቻቸው በብስክሌት ጭነው ወደ ሌላ ሰፈር ያደርሷቸዋል። ትምህርት ቤት መምረጥ ነፃ ነዋ! እንዲህ እኛ የሞላንበትን «ጥቁር ትምህርት ቤት» ይሉታል፣ ጋዜጣ ላይ ሳይቀር፣ ሳይደብቁ። ስለዚህ ልጄን ከማን ጋር ላቀላቅለው? ተቀላቃዩ በብስክሌት ሄዷል። አንድ ባለሥልጣን ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ የሙስሊም ትምህርት ቤቶች ልጆችን ይነጥላሉ ሲል በሰማሁ ቁጥር ያ የብስክሌት ሰልፍ ነው የሚታየኝ።

ደግሞ ሲንተርክላስ የሚሉት በዓል አለ። በኅዳር መጨረሻ፣ በነሱ ዲሴምበር 5 ማታ፣ ነጭ ጢሙን ያንዠረገገ ጳጳስ በፈረስ ይመጣል፤ ስጦታና ብስኩት ያድላል። ከኋላው አሽከሮቹ ይከተላሉ፣ ፒት የሚባሉት። ልጄ አምስት ዓመቱ ሳለ ፒቶቹ ፊታቸውን እንደ ከሰል አጥቁረው፣ ከንፈራቸውን ቀይ ቀብተው፣ ጥቅልል ዊግ አጥልቀው የሚዘሉ ነጮች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በብዙ ተቃውሞ ብዙ ከተሞች ለውጠውታል፤ አሁን ጥላሸት ብቻ ይነካካሉ። ያን ቀን ግን ልጄ ቤት ገብቶ «እማ፣ እኔ የፒት ዘመድ ነኝ ወይ? ልጆቹ እንዲያ አሉኝ» አለኝ። ምን ልበለው? ሴቷን ትምህርት ቤት ለማስገባት ስንነሣ ባለቤቴ የቁርዓኑን ነገር ነበር የሚያነሣው፤ እኔን የቆረጠኝ ግን ፒት ነው። እሷ የምትማርበት ቤት ሲንተርክላስን አያከብርም።

በኢስላማዊው ትምህርት ቤት ሁሉ አልጋ ባልጋ ሆነ ማለቴ አይደለም። መጀመሪያ ዓመት ላይ የሞሮኮና የቱርክ ልጆች «አንቺ እውነት ሙስሊም ነሽ? ኢትዮጵያ የክርስቲያን ሀገር አይደለም እንዴ?» ይሏት ነበር። እዚህ ሙስሊም ሲባል የሚታሰበው ቱርክና ሞሮኮ ነው። ሐበሻ ሲሰበሰብ ደግሞ «አንቺ እንዴት እንዲህ ተሸፋፈንሽ?» የሚለኝ አላጣም። ሁለቱም ጋ ራሴን ማስረዳት አለብኝ፤ ደሴ ውስጥ ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። አያትሽ ራሳቸው መሐመድ አልነበር እንዴ ስማቸው?

አንድ ቀን የሃይማኖት መምህሩ የመጀመሪያውን ሂጅራ አስተማራቸው፤ በ615 የነቢዩ ተከታዮች ከመካ ተሰድደው ባሕር ተሻግረው ሐበሻ እንደገቡ፣ ነጃሺ አሳልፌ አልሰጣችሁም እንዳላቸው። ልጄ እጇን አውጥታ «የእናቴ ሀገር ነው!» አለች። ማታ ስትነግረኝ አፏ መያዣ አልነበረውም። ቀጥላም የጠየቀችኝ፦ «እማ፣ ንጉሡ ያኔ ክርስቲያን ነበር አይደል? ታዲያ ለምን አስጠጋቸው?» እዚህ ያሉ ልጆች ይህን ጥያቄ አይጠይቁም ብዬ አስብ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያን ዕለት ትምህርት ቤቱን ወደድኩት።

ከወራት በኋላ ደግሞ ተናደድኩበት። መውሊድ ሲቃረብ ቤት ውስጥ መንዙማ ከፍቼ ቡና እያፈላሁ ገባችና «እማ፣ ድቤ ያለበት መንዙማ አይፈቀድም ብለውናል» አለችኝ። ያለው አንድ መምህር ነው፤ ሌሎቹ እንዲያ አይሉም፣ የቱርክ ልጆች ቤታቸው መውሊድ ያከብራሉ። ግን እሷ የሰማችው እሱን ነው። የወሎ ሸሆች በአማርኛ፣ በአረብኛ ፊደል እየጻፉ ለገበሬው ያስተማሩበት መንዙማ በአንድ ክፍለ ጊዜ ሊሰረዝ! ሄጄ አነጋገርኩት። ጨዋ ሰው ነው፤ ሰማኝ፤ አልተስማማንም። ከዚያ ወዲህ ዒልሙን ከነሱ ትቀበል፣ ለዛውን ከኔ ብያለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ በአማርኛ ዱዓ አስደርጋታለሁ። መጀመሪያ ላይ አላህ አማርኛ የሚሰማ አልመሰላትም ነበር፤ ሳቅሁ፣ ደግሞም ከፋኝ።

አሁን የማይገመተውን ልንገርሽ። ሙስሊምነቱን ጮክ ብሎ የሚናገረው ልጅ ሴቷ አይደለችም። ወንዱ ነው፣ አንድ ቀን እንኳ የእስላም ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠው። ዛሬ ጎረምሳ ሆኗል። ሃይማኖቱን የተማረው ከስልክ ነው፤ በደችኛ የሚሰብኩ ጢማም ወጣቶች አሉ፣ አጭር አጭር ቪዲዮ የሚለቁ። ይህ ሐራም፣ ያ ሽርክ (በአላህ ማጋራት)፣ እናቴ ሆይ ይህን አትብዪ። ከሞሮኮ ልጆች ጋር ሲውል በየዓረፍተ ነገሩ ወላሂ ይላል (አንቺም ትያለሽ፣ እሱ ግን አያምነኝም)። ሴቷ ግን ሂጃቧን ትምህርት ቤት አድርጋ ትሄዳለች፣ ሰፈር ስትገባ አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ትጫወታለች፤ ማንም አይቆጣትም፣ እሷም አትጨነቅም። ለምን ይሆን እያልኩ ብዙ አስቤበታለሁ። እሷ ክፍል ውስጥ ሁሉም ሙስሊም ነው፤ ለማንም የምታረጋግጠው ነገር የለም። ሰነፏም ጎበዟም፣ ቀልደኛዋም ኩርፊያዋም ሙስሊም ናት፤ ስለዚህ እሷ ጎበዝ፣ ቀልደኛ፣ ኩርፊያ መሆን ትችላለች። እሱ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ «እናንተ» ሲባል ነው ያደገ። በነሱ ኖቬምበር 2 ቀን በየዓመቱ፣ በ2004 ፊልም ሠሪው ቴዎ ቫን ጎኽ የተገደለበት ዕለት ይነሣል፤ ገዳዩ የሞሮኮ ተወላጅ ሙስሊም ነበር። መምህሩ ስለ ጉዳዩ ሲያወራ ክፍሉ ሁሉ ወደ እሱና ወደ ጓደኞቹ ይዞራል። እኔ የማውቀው፣ የሚጠየቅ ሰው ይጮሃል፤ የማይጠየቅ ዘና ይላል። እስላም ትምህርት ቤት አክራሪ ያደርጋል ለሚሉኝ ጎረቤቶቼ ሁለቱንም ልጆቼን አሳይቻቸው ዝም እላለሁ።

በነገርሽ ላይ፣ ያ ግድያ በተፈጸመ በሳምንቱ አይንድሆቨን ያለው ኢስላማዊ ትምህርት ቤት ላይ ቦምብ ፈነዳ፤ በማግስቱ ኡደን የምትባል ትንሽ ከተማ ያለው ተቃጠለ። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ናቸው፣ ግድግዳቸው ላይ የሕፃናት ሥዕል የተለጠፈባቸው። እኔ ያኔ እዚህ አልነበርኩም። የነበሩት ወላጆች ዛሬም ሲያወሩት ድምፃቸውን ይቀንሳሉ።

ከሁለት ዓመት በፊት ደግሞ፣ በኅዳር 2023 እንደነሱ አቆጣጠር፣ ኢስላማዊ ትምህርት ቤት ይዘጋ ብሎ በፕሮግራሙ የጻፈው የፀረ እስልምናው ፖለቲከኛ የዊልደርስ ፓርቲ ምርጫውን አንደኛ ሆኖ ወጣ፤ ከ150 የምክር ቤት ወንበር 37ቱን። በማግስቱ ጠዋት ልጄን ሳደርስ ደጃፉ ላይ የነበረው የእናቶች ዝምታ ለቅሶ ቤት ይመስል ነበር። ያቺ ፕሮቴስታንቷ አስተማሪ እንደወትሮዋ እያንዳንዱን ልጅ በእጁ ጨብጣ አስገባች። ከዚያ ወደ እኛ መጣችና በትዕግሥት አስረዳችን፤ አንቀጽ 23ን ለመለወጥ ምክር ቤቱ ሁለት ጊዜ መምከር አለበት፣ በመካከል አዲስ ምርጫ ይደረጋል፣ ሁለተኛው ላይ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። «የኛ ቤተ ክርስቲያን ፓርቲዎችም አይፈቅዱም» አለች። እውነቷን ነው። የሙስሊም ትምህርት ቤት ሲነካ ነገ የኔ ይነካል ብለው የሚሟገቱት፣ እሑድ ብስክሌት እንኳ የማይነዱት ካልቪኒስት የሚባሉት አጥባቂ ፕሮቴስታንቶች ናቸው። እስልምናን ይወዱታል ብዬ አልዋሽሽም። አንቀጹን ግን ይወዱታል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። አንቺ አንድ ዴስክ ስትይ የተቀየምሽው ልጄን ከልጆችሽ የለየኋት መስሎሽ ነው። ሠርግሽን አስታውሺ። ለሙስሊም እንግዶች የሚሆነውን ሙክት አባቴ ቢስሚላህ ብሎ አርዶት፣ ለብቻው ተቀቅሎ፣ ለብቻው ቀርቦ፣ ሁላችንም በአንድ ዳስ ስንበላ አደርን። ማንም ድስቱ ለምን ተለየ አላለም። ያለመለየት አልነበረም ያኖረን፤ እናትሽ የኔን ድስት አስበው ማዘጋጀታቸው ነው። ቅድመ አያቶቻችን በአጤ ዮሐንስ ዘመን፣ ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ፣ ተጠመቁ ተብለው ቀን ክርስቲያን ሌሊት እስላም ሆነው የከረሙበት ሀገር ነው ያ፤ ያንን ጨርሶ ነው እዚህ የደረሰ። አሁን ደግሞ ባለፈው ዓመት አክሱም ላይ ሴት ልጆች በሂጃባቸው ምክንያት ከክፍል ሲከለከሉ ስሰማ ደነገጥኩ። እናንተ ጋስ እንዴት ነው? አንቺ የምታስተምሪበት ክፍል ውስጥ ልጆቹ አብረው ይቀመጣሉ? ደብቀሽ አትንገሪኝ።

እዚህ ዳሱ የለም፣ ድስቱ ብቻ ነው ያለው። መንግሥት ለያንዳንዱ ድስት የሚሆነውን ማገዶ ሳይነፍግ ይሰጣል፤ ዳሱን ግን ማንም አልጣለም። ይህ የልጄ ትምህርት ቤት ጥፋት አይመስለኝም። እነሱማ በየዓመቱ ከካቶሊኩ ትምህርት ቤት ጋር ይለዋወጣሉ፤ የነዚያ ልጆች በረመዳን ማፍጠሪያ ይመጣሉ፣ የኛዎቹ ለገና ይሄዳሉ። ግማሽ ቀን ናት። ግማሽ ቀን አብሮ አደግ አያደርግም። እንዲያም ሆኖ ከምንም ይሻላል።

ሁለተኛ ደረጃ የት እንደማስገባት ገና አልወሰንኩም። በነሱ 2013 እዚሁ ሮተርዳም የነበረው የሙስሊም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የብሔራዊ ፈተና ወረቀት ተሰርቆበት ስሙ ጠፍቶ ተዘጋ፤ በቦታው ሌላ ተከፍቷል። ባለቤቴ እዚያ ይላል። እኔ ደግሞ እስከ 12 ዓመቷ ማንነቷን ካወቀች አሁን ወጥታ ከሌላው ጋር ትጋፋ ባይ ነኝ። እሷ የራሷን እያሰበች ነው፣ እግር ኳስ ሜዳ ያለው ይሁን ትላለች።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። እዚህ እያንዳንዱ ልጅ ክፍሉ ፊት ቆሞ በመረጠው ርእስ ንግግር ያደርጋል። የኔዋ «የእናቴ ከተማ ደሴ» ብላለች፤ ስለ ጦሳ ተራራ፣ ስለ አይጠየፍ አዳራሽ፣ ስለ ዒድና ጥምቀት። ክፍሏ ውስጥ ስለ ዒድ አንድ ክርስቲያን ሲያወራ የሰማ ልጅ ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ አንቺ በድምፅሽ ቀድተሽ ላኪልኝ፤ ዒድ ሲሆን እኛ ቤት መጥተሽ ምን ትበዪ እንደነበር፣ አባቴ ምን እያለ እንደሚመርቅሽ። እኔ ወደ ደችኛ እየመለስኩ እጽፍላታለሁ። እናትሽም ካሉ ሁለት ቃል ይጨምሩ፤ ስለ ሙክቱ እሳቸው ይንገሯት፣ ከኔ ይልቅ ያምርላቸዋል። ንግግሩ በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ነውና ኢንተርኔቱ ሳይሄድ ቶሎ በይ።

ልጆችሽን ሳሚልኝ።

ያንቺው